የገዢ ፓርቲ ለውጥ ምንድን ነው? አሜሪካ ውስጥ ምን ይለወጣል፣ ምን ባለበት ይቆያል?

ዋይት ሐውስ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ሲሸጋገር በርግጥ የሚለወጠው የመንግሥቱ የላይኛው እርከን ነው። የፌዴራል ሲቪል ሠራተኛው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ በፖለቲካ ሹመት የሚገባው ግን 4,000 ገደማ ነው፤ ከዚህም 1,300 ያህሉ ያለ ሴኔት ይሁንታ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። የቀረው ሠራተኛ ፕሬዚዳንት ቢመጣ ቢሄድ ሥራው ላይ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ያሸነፈ ፓርቲ መሥሪያ ቤቱን በደጋፊዎቹ ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሹመት በተነፈገ ሰው ተገደሉ፤ በ1883 የፔንድልተን ሕግ ወጥቶ በፈተና መቀጠር ተጀመረ። ዶናልድ ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፖሊሲ ነክ ሥራ ላይ ያሉ ቋሚ ሠራተኞችን ከሥራ ዋስትናው የሚያወጣ ትእዛዝ የፈረሙት ይህንኑ በፖለቲካ ሹመትና በቋሚ ሥራ መካከል ያለውን አጥር ለመግፋት ነው።

ውሳኔዎችም እንደ አመጣጣቸው ይለያያሉ። እኛን በቅርብ የሚነካውን ዲቪ እንይ። ዲቪን ያቋቋመው በ1990 የወጣ የኮንግረስ ሕግ ስለሆነ ማንም ፕሬዚዳንት በፊርማው ሊሽረው አይችልም፤ የቪዛ አሰጣጡን ግን ሊያግድ ይችላል። በኤፕሪል 2020 ትራምፕ አገዱ፤ በፌብሩዋሪ 2021 ባይደን እገዳውን አነሱ። እስከዚህ ድረስ ለውጡ የአንድ ፊርማ ጉዳይ ነው። ችግሩ የዲቪ 2020 ዕድለኞች ቪዛ የሚያገኙበት ጊዜ በሕጉ መሠረት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2020 ላይ ማለቁ ነው። ቀኑን የወሰነው ሕግ በመሆኑ አዲሱ ፕሬዚዳንት በፊርማ ሊያራዝምላቸው አልቻለም፤ ብዙ ሰው ዕድሉ በእጁ እያለ ቀረበት። ይህ በጣም የሚያሳዝን ነው፣ የፓርቲ ለውጥ የማይደርስበትን ቦታም በግልጽ ያሳያል።

በመሥሪያ ቤት ውሳኔ የቆመ ፕሮግራምም ቢሆን በቀላሉ አይነሳም። በልጅነታቸው ለገቡ ስደተኞች ከለላ የሚሰጠውን ዳካን የትራምፕ አስተዳደር በ2017 ለማቋረጥ ሞከረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2020፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገው። የማቋረጥ ሥልጣን የለህም አላለም፤ ምክንያትህን በአግባቡ አላስረዳህም ነው ያለው።

በጀቱም ቢሆን የተወረሰ ነው። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል፣ ፕሬዚዳንቱ ጃንዋሪ 20 ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚሠራው ከእሱ በፊት በጸደቀ ገንዘብ ነው። ሕጉን ራሱን ልለውጥ ካለ ደግሞ ሁለቱም ምክር ቤቶች በፓርቲው እጅ ቢሆኑም፣ ለአብዛኛው ረቂቅ ሴኔት ውስጥ ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ ከ100 መቀመጫ 60 ያስፈልገዋል።