የዌልስኛ ቋንቋ ትምህርትና ጥበቃ በዌልስ

ዌልስኛ በታላቋ ብሪታንያ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል በምትገኘው በዌልስ የሚነገር፣ ከኬልት ቋንቋዎች ቤተሰብ የሚመደብ ቋንቋ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚነገረው ብሬቶንኛና በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ይነገር የነበረው ኮርንኛ ናቸው። ከእንግሊዝኛ ጋር የሚያገናኘው ጉርብትና እንጂ የቅርብ ዝምድና ስላልሆነ፣ ዌልስኛ ያልተማረ እንግሊዛዊ ሁለት ዌልሳውያን ሲጨዋወቱ ቢሰማ የወሬውን ጫፍ እንኳ አይይዝም። ተናጋሪዎቹ ቋንቋቸውን «ከምራይግ» ይሉታል። በ2021 በተካሄደው ሕዝብ ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ዓመት ከሞላቸው የዌልስ ነዋሪዎች መካከል 538,000 ያህሉ፣ ማለትም 17.8 በመቶው፣ ዌልስኛ እንደሚናገሩ ተመዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችል አዋቂ የለም ማለት ይቻላል። የጉዳዩ ክብደትም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ዌልስኛ ተናጋሪ በየዕለቱ፣ በየሱቁና በየቢሮው በር ላይ፣ በየትኛው ቋንቋ አፉን እንደሚከፍት ይመርጣል፤ ሌላኛው ምርጫ ደግሞ ሁልጊዜ ቀላሉ ነው።

ስርጭቱ ወጣ ገባ ነው። በሰሜን ምዕራቧ ግዊኔድ ከነዋሪው 64 በመቶ ያህሉ ሲናገረው፣ በዋና ከተማዋ በካርዲፍ ቁጥሩ ወደ 12 በመቶ ይወርዳል፤ በቀድሞው የከሰልና የብረት አገር በብላይናይ ግዌንት ደግሞ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ «የዌልስ ሁለት ቋንቋነት» ሲባል በአንዱ ሸለቆ የጎረቤት ሰላምታ፣ በሌላው ሸለቆ ደግሞ የመንገድ ምልክት ማለት ሊሆን ይችላል።

ቋንቋው ከመንግሥት ሥራ የወጣው በሕግ ነው። በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን በ1536 የወጣው አዋጅ ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር ሲያዋሕድ፣ የፍርድ ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆንና እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ሹመት እንዳይዝ ደነገገ። ይሁንና ያው የእንግሊዝ መንግሥት፣ ሕዝቡን በፕሮቴስታንት ሃይማኖት ለማጽናት ሲል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ዌልስኛ እንዲተረጎም አዘዘ። የዊልያም ሞርጋን ሙሉ ትርጉም በ1588 ታተመ። ከችሎትና ከሹመት የተባረረው ቋንቋ በዚህ መንገድ የመቅደስ ቋንቋ ሆነ፤ ከየቀበልኛው በላይ የሆነ አንድ የጽሕፈት ደረጃም አገኘ።

የመጀመሪያው ሰፊ የዌልስኛ ትምህርት የተነሣውም ከቤተ ክርስቲያን ነው። የላንዳውሮር ደብር ካህን የነበረው ግሪፊዝ ጆንስ ከ1730ዎቹ ጀምሮ «ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤቶች» የተባሉትን አቋቋመ። አሠራሩ ርካሽና ብልህ ነበር። መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በክረምቱ ወራት ወደ አንድ መንደር ይመጣል፤ በቤተ ክርስቲያን ወይም በተገኘው ጎተራ ውስጥ ለሦስት ወር ያህል ሕፃንና አዋቂውን መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ያስተምራል፤ ከዚያም ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳል። ቀን ሥራ የሚይዘው ሰው ማታ ይማራል። ጆንስ ያስተማረው በዌልስኛ ነበር፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ፣ ነፍሱን ለማዳን የቸኮለን ገበሬ መጀመሪያ እንግሊዝኛ ተማር ማለት ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነበር። በ1761 እስኪሞት ድረስ ከ3,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ከ150,000 በላይ ሰው ተምሮባቸዋል፤ ለዚያ ዘመን ትንሽ ሕዝብ ይህ እጅግ ብዙ ነው። በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሥራውን ተረከቡ፤ በዌልስ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት የልጆች ብቻ አልነበረም፤ አያት ከልጅ ልጁ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ፊደል ይቆጥር ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ግን ትምህርት ቤት በቋንቋው ላይ ተነሣ። በ1847 ዌልስኛ የማይችሉ ሦስት እንግሊዛውያን መርማሪዎች የአገሩን ትምህርት አጥንተው ባቀረቡት ሪፖርት፣ ለሕዝቡ ኋላቀርነትና ለሥነ ምግባሩ ጉድለት ቋንቋውን ተጠያቂ አደረጉ። ሪፖርቱ በሰማያዊ ሽፋን ስለታተመ ዌልሳውያን «የሰማያዊ መጻሕፍት ክህደት» የሚል ስም አወጡለት። በዚያው ክፍለ ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት ሌላ ነገር ነበር፦ «ደብልዩ» እና «ኤን» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት («ዌልሽ ኖት»፣ ዌልስኛ አይነገር ለማለት) የተቀረጹባት ትንሽ እንጨት። ዌልስኛ ሲናገር የተሰማ ልጅ እንጨቷን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሌላ ልጅ ሲናገር ከሰማ ለእሱ ያስተላልፋል፤ የትምህርት ሰዓት ሲያበቃ እንጨቷ አንገቱ ላይ የተገኘችበት ይገረፋል። ከመምህሩ ይልቅ ልጆቹ ራሳቸው እርስ በርስ እንዲሰላለሉ ማድረጉ ነው ክፋቱ። ይህ በሁሉም ቦታ የነበረ የመንግሥት ትእዛዝ አልነበረም፤ ወላጆች ራሳቸው ልጃችን እንግሊዝኛ ይልመድ ብለው የተስማሙበት ቦታም ነበር።

ያም ሆኖ በ1911 ሕዝብ ቆጠራ 977,000 ያህል ተናጋሪዎች ተመዝግበዋል፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ቁጥር ታይቶ አያውቅም። የከሰል ማዕድኑ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ያመጣው ሠራተኛ፣ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች፣ ሥራ ፍለጋ የተሰደደው ወጣትና የጸሎት ቤቶች መድከም ተደማምረው በ1981 የተናጋሪውን ድርሻ ወደ 19 በመቶ አወረዱት።

መልሶ የመገንባቱ ሥራ የተጀመረው በሰባት ልጆች ነው። ቀደም ሲል በ1922 «ኡርድ» የተባለውን የወጣቶች ማኅበር የመሠረተው ኢቫን አብ ኦወን ኤድዋርድስ፣ በ1939 በአበረስትዊስ ከተማ እነዚህን ሰባት ልጆች ይዞ በዌልስኛ የሚያስተምር የግል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈተ። በመንግሥት በጀት የሚተዳደር የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በ1947 በላኔሊ ተከተለ፤ ሁለተኛ ደረጃው በ1956 በሰሜን ምሥራቅ ተጨመረ። በ1971 የተመሠረተው የመዋዕለ ሕፃናት ንቅናቄ ደግሞ ትናንሽ ልጆችን ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያዘጋጁ ቡድኖችን በየሰፈሩ አደራጀ። ከ1988ቱ የትምህርት ሕግ በኋላ ዌልስኛ በመላ አገሪቱ የግዴታ ትምህርት እየሆነ መጥቶ፣ ከ1999 ጀምሮ እስከ 16 ዓመት ዕድሜ ድረስ ሁሉም ተማሪ ይማረዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ዌልስኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ የሚማሩት ብዙኃኑ ተማሪዎች ናቸው፤ ከዓመታት ትምህርት በኋላም ብዙዎቹ ከሰላምታና ከጥቂት የተሸመደዱ ዐረፍተ ነገሮች አያልፉም። በዌልስኛ የሚማሩት፣ ማለትም ሒሳቡንም ታሪኩንም በቋንቋው የሚቀበሉት፣ ከአምስት ተማሪ አንዱ ገደማ ሲሆኑ አቀላጥፈው የሚወጡት እነዚህ ናቸው። ዘዴው ማጥለቅ ይባላል። ቤቱ እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰማ የሦስት ዓመት ልጅ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሲገባ መምህሯ በዌልስኛ ትቀበለዋለች፤ ኮቱን እያሳየች ኮት ትለዋለች፤ እሱ በእንግሊዝኛ ቢመልስ አትቆጣም፣ እሷ ግን ቋንቋዋን አትለውጥም። መደበኛ የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚጀመረው ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ሸምግሎ ለሚማረው የሚከብደውን ነገር ልጁ በዚህ ዕድሜ ሳያውቀው ይለምደዋል። እኛ «ድመቴ»፣ «ድመቱ»፣ «ድመቷ» ስንል የቃሉ መጨረሻ ይለወጣል፤ በዌልስኛ የሚለወጠው መጀመሪያው ነው። ድመት «ካስ» ናት፤ የእኔ ስትሆን «ንግሃስ»፣ የእሱ ስትሆን «ጋስ»፣ የእሷ ስትሆን «ኻስ» ትባላለች። «የእሱ» እና «የእሷ» የሚሉት ቃላት በጽሕፈት አንድ ስለሆኑ፣ ባለ ድመቱ ወንድ ይሁን ሴት የሚያስታውቀው ይህ የመነሻ ፊደል ለውጥ ነው። ጀማሪው ደግሞ «ንግሃስ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም።

ለአዋቂዎች የተዘጋጀው ትምህርት የተዋሰው ከእስራኤል ነው። ከዘመቻ ሙሴና ከዘመቻ ሰለሞን ጋር ወደ እስራኤል የገቡት ኢትዮጵያውያን ዕብራይስጥ የተማሩበትን «ኡልፓን» የማያውቅ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ የለም። ዌልሳውያን በ1970ዎቹ ይህንኑ የተፋፋመ የንግግር ትምህርት ዘዴ ከነስሙ ወስደው ፊደሉን ብቻ በራሳቸው አጻጻፍ ለውጠው አስገቡት። በሊን ልሳነ ምድር በገደል ሥር ያለችው ናንት ጉርሴይርን የተባለች መንደር፣ የድንጋይ ካባው ሥራ ቆሞ ሰው ከለቀቃት በኋላ፣ በ1978 ተገዝታ የቋንቋ መማሪያ ማዕከል ሆናለች፤ ተማሪው እዚያው እያደረ፣ እየበላ በዌልስኛ ይሰነብታል።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው ቦታ የተገኘው በክርክር ነው። በላንገኔኽ መንደር የሚኖሩት ባልና ሚስት ትሬቨርና አይሊን ቢዝሊ ከ1952 ጀምሮ የቤት ግብር ጥያቄው በዌልስኛ ካልተጻፈልን አንከፍልም አሉ፤ ለስምንት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሱ፣ የቤት ዕቃቸውም ደጋግሞ ተወሰደ፤ በ1960 ወረቀቱ በሁለቱም ቋንቋ መጣላቸው። በ1962 ጸሐፊው ሳንደርስ ሉዊስ ስለ ቋንቋው ዕጣ ፈንታ በሬዲዮ ያሰማው ንግግር የእነሱን ምሳሌ ጠቅሶ ነበር፤ በዚያው ዓመት የዌልስኛ ቋንቋ ማኅበር ተመሠረተ፤ ወጣቶች በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፉ የመንገድ ምልክቶችን በቀለም እየደፈኑ ታሰሩ። የብሪታንያ መንግሥት ቃል የገባውን የዌልስኛ ቴሌቪዥን ጣቢያ ባጠፈ ጊዜ ደግሞ የዌልስ ብሔርተኛ ፓርቲ መሪ ግዊንቮር ኢቫንስ በ1980 እስከ ሞት እጾማለሁ አለ፤ መንግሥት ቃሉን መለሰ፤ ኤስ ፎር ሲ የተባለው ጣቢያ በኅዳር ወር 1982 ሥራ ጀመረ። የ1993ቱ ሕግ መንግሥታዊ ተቋማት ሁለቱን ቋንቋዎች በእኩል እንዲያዩ አዘዘ፤ በ2011 ዌልስኛ የመንግሥት ቋንቋነት ማዕረግ አግኝቶ አቤቱታ የሚሰማ ኮሚሽነር ተሾመለት።

ሕጉ የሚጠይቀውና ሰው የሚሠራው ሁልጊዜ አይገጥምም። በ2008 የስዋንሲ ከተማ አስተዳደር ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚከለክል ምልክት ለማስተርጎም ለተርጓሚው ኢሜይል ላከ፤ በዌልስኛ የመጣለትን መልስ ምልክቱ ላይ አሳትሞ ተከለው። መልሱ ግን «አሁን ቢሮ የለሁም፤ የሚተረጎም ሥራ ካለ ይላኩልኝ» የሚል የኮምፒዩተር አውቶማቲክ ምላሽ ነበር። ከዚህ ይልቅ ብዙ የሚሠራው፣ ዌልስኛ የሚችል ሠራተኛ ደረቱ ላይ የሚያደርገው ብርቱካናማ ባጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ደንበኛው ባጁን ሲያይ ሳያፍርና ሳይገምት በዌልስኛ ይጀምራል።

በ2017 የዌልስ መንግሥት እስከ 2050 የተናጋሪውን ቁጥር አንድ ሚሊዮን ለማድረስ ዐቀደ። የ2021 ቆጠራ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ድርሻው በ2011 ከነበረበት 40.3 በመቶ ወደ 34.3 በመቶ መውረዱን አሳየ። በዌልስኛ የሚያስተምር መምህር እጥረት አለ፤ በሰሜን ምዕራቡ ጠረፍ ደግሞ የዕረፍት ቤት ገዢዎች የቤት ዋጋ ስላስወደዱ የአገሬው ወጣት ከመንደሩ ይወጣል። ግዊኔድ ለዚህ ሁለት መልስ ሞክራለች፦ በሁለተኛ ቤቶች ላይ ተጨማሪ ግብር ትጥላለች፤ ከውጭ ለሚመጡ ልጆች ደግሞ ከ1984 ጀምሮ ወደ መደበኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ቋንቋውን በፍጥነት የሚያስጨብጡ ማዕከሎች ከፍታለች። በ2025 የጸደቀው ሕግ እስከ 2050 እያንዳንዱ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ዌልስኛን ራሱን ችሎ የሚጠቀምበት እንዲሆን ይጠይቃል።

በካርዲፍና በአካባቢዋ ባሉ የዌልስኛ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ ቤታቸው ቋንቋው የማይነገርባቸው ናቸው። ክፍል ውስጥ ታሪክና ሒሳብ በዌልስኛ ሲመልሱ የዋሉት ተማሪዎች ደወሉ እንደተደወለ በኮሪደሩ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳሉ፤ በር ላይ የሚጠብቃቸው ወላጅ የሚችለው እሱን ነውና። ከእነዚያ ወላጆች አንዳንዶቹ ልጃቸውን ካስገቡ በኋላ ራሳቸው ለማታ ትምህርት ይመዘገባሉ፤ የቤት ሥራውንም የሚያርምላቸው ልጃቸው ይሆናል።