ደጅ ጥናትና ወንበር፦ የሃርቫርድ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ተመራቂዎች ማኅበር

ሃርቫርድ ጀንደር ኤንድ ሴክሹዋሊቲ ኮከስ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኬምብሪጅ ከተማ ከሚገኘው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፣ ትራንስጀንደሮችና ወዳጆቻቸው የተሰባሰቡበት ማኅበር ነው። የተመሠረተው በ1984 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያ ስሙ የሃርቫርድ ጌይ ኤንድ ሌዝቢያን ኮከስ ነበር። «ኮከስ» ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ቃል አይደለም፤ የምክር ቤት ሴት ተመራጮች ኮከስ ሲባል ደጋግመን ሰምተናል። እዚህም ትርጉሙ ከዚያ አይርቅም፤ በአንድ ትልቅ ተቋም ውስጥ የጋራ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ድምፃቸውን የሚያስተባብሩበት ስብስብ ነው።

ማኅበሩ የተማሪዎች ክበብ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ልዩነት ነው። ተማሪ አራት ዓመት ተቀምጦ ይሄዳል። ጥያቄ ያነሳው፣ ፊርማ ያሰባሰበው፣ በአስተዳደሩ ሕንፃ ፊት የተሰለፈው ሁሉ የምረቃው ወር ሲደርስ ጥቁር ካባውን ይደርባል። አስተዳዳሪው ትንሽ ከታገሠ ጥያቄውም አብሮ ተመርቆ ይሄድለታል። የቀድሞ ተማሪ ግን የሚሄድበት የለውም። እስከ ዕለተ ሞቱ የሃርቫርድ ሰው ነው፤ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ በየአምስት ዓመቱ አብረውት የተመረቁት ወደሚገናኙበት በዓል ይጠራል፣ ገንዘብም ይለመናል።

ልመናው የዋዛ አይደለም። በ1636 የተቋቋመው ሃርቫርድ በዓለም ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች ትልቁን ቋሚ ሀብት የያዘ ሲሆን፣ በ2024 ይህ ሀብት 53 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የዚህ ሀብት ምንጭ በዋናነት የደጋፊዎች ስጦታና ስጦታው የወለደው ትርፍ ነው። ከሁለቱ የዩኒቨርሲቲው የበላይ አካላት አንዱ የሆነውን ቦርድ ኦቭ ኦቨርሲርስ፣ ማለትም 30 አባላት ያሉትን ጉባኤ፣ በድምፃቸው የሚመርጡት ተመራቂዎች ናቸው። በኪሱም በድምፁም የሚፈለግ ሰው ሲናገር አስተዳዳሪው ጆሮውን ያዘነብላል።

የተመራቂው ነገር በወረቀትም ይከተለዋል። በየአምስት ዓመቱ በአንድ ዓመት የተመረቁት ስለ ራሳቸው የሚጽፉበት ቀይ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ይታተማል። ሥራ፣ አድራሻ፣ የትዳር ጓደኛ ስም፣ የልጆች ስም፣ ከዚያም «እስካሁን እንዲህ ኖርኩ» የሚል አንድ ሁለት አንቀጽ ይሰፍርበታል። ከወንድ ጋር ለሚኖር ወንድ ወይም ከሴት ጋር ለምትኖር ሴት ያ ቅጽ ለብዙ ዘመን የሚሞላ አልነበረም። የትዳር ጓደኛ የሚለው መስመር ባዶ ይቀራል፤ ሥራና አድራሻ ብቻ ይጻፋል፤ ጨርሶ ምንም አለመላክም አለ።

ከዚህ ዝምታ በስተኋላ በ1920 የሆነ ነገር አለ። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር አንድ የሃርቫርድ ተማሪ በወላጆቹ ቤት ራሱን አጠፋ። ወንድሙ ለሟቹ የተላኩ ደብዳቤዎችን አገኘ፤ ደብዳቤዎቹ በሃርቫርድ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ተማሪዎች እንዳሉ የሚያሳዩ ነበሩ። ወንድምየው ስሞቹን ይዞ ወደ ተጠባባቂ ዲኑ ቼስተር ግሪኖ ሄደ። ግሪኖ ከፕሬዚዳንቱ ከአቦት ሎውረንስ ሎዌል ጋር ተማክሮ አምስት አስተዳዳሪዎች ያሉት ፍርድ ቤት መሳይ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ሰነዶቹ ላይ የሰፈረው ስሙም «ምስጢራዊው ፍርድ ቤት» ነው። ተማሪዎቹ በአጭር ማስታወሻ እየተጠሩ አንድ በአንድ ገቡ። ስለ አልጋቸው፣ ስለ ጓደኞቻቸው፣ ማን ከማን ክፍል እንዳመሸ ተጠየቁ።

በፍጻሜው ስምንት ተማሪዎች፣ አንድ በቅርቡ የተመረቀና አንድ ረዳት ፕሮፌሰር ጥፋተኛ ተባሉ። የተባረሩት ከግቢው ብቻ ሳይሆን ከኬምብሪጅ ከተማም ጭምር እንዲወጡ ተነገራቸው። ከተመረመሩት መካከል አንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ በዚያው ሰሞን ራሱን አጠፋ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው፤ ቀጣሪዎች ስለ እነዚህ ሰዎች ቢጠይቁ ዩኒቨርሲቲው በጎ ምስክርነት እንዳይሰጥ በመዝገባቸው ላይ ማሳሰቢያ ተቀመጠ። ወደ ግቢው ከሚያስገቡት በሮች አንዱ፣ ዴክስተር የሚባለው፣ ከውጭ በኩል «ጥበብን ልታበዛ ግባ»፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ «አገርህንና ወገንህን በተሻለ ልታገለግል ውጣ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። እነዚያ ልጆች ሲወጡ ግን ማገልገያ መንገዱም ተዘጋባቸው።

ወደ 500 ገጽ የሚጠጋው ሰነድ ለሰማንያ ዓመት ያህል በመዝገብ ቤት ተኝቶ ኖረ። በ2002 የተማሪዎቹ ጋዜጣ የሃርቫርድ ክሪምሰን ዘጋቢ አሚት ፔሊ ዱካውን አግኝቶ እንዲወጣ ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲው ከወራት ውጣ ውረድ በኋላ ስሞቹን ደልዞ ሰጠ፤ ጋዜጠኞቹም የተደለዘውን ከሌሎች መዝገቦች ጋር እያመሳከሩ ሞሉት። ታሪኩ በኅዳር ሲታተም የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሎውረንስ ሰመርስ ድርጊቱን አውግዘው መጸጸታቸውን ገለጹ።

ኮከሱን በ1984 የመሠረቱት ተመራቂዎች ይህ ሰነድ መኖሩ ገና በይፋ ሳይታወቅ ነው የተነሱት። የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ በዘር፣ በሃይማኖትና በጾታ ምክንያት ማንም እንዳይገለል በሚደነግገው የዩኒቨርሲቲው ደንብ ውስጥ ጾታዊ ዝንባሌ እንዲጨመር። ጥያቄው በ1985፣ በፕሬዚዳንት ዴሪክ ቦክ ዘመን ተፈቀደ። ማሳቹሴትስ ተመሳሳይ ሕግ ያወጣው በ1989 በመሆኑ ሃርቫርድ ግዛቱን አራት ዓመት ቀድሟል ማለት ነው። አንድ ሐረግ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ከሥራ የተባረረ መምህር ወይም ከማደሪያ ክፍሉ የተገፋ ተማሪ አቤት ሲል ሊጠቅሰው የሚችለው መስመር ያ ነው፤ ከዚያ በፊት አቤቱታው የዲኑን በጎ ፈቃድ ከመለመን አያልፍም ነበር።

ደንቡ ከተስተካከለ በኋላ ሥራው ወደ ገንዘብ ዞረ። በ1987 ኦፕን ጌት፣ ማለትም «ክፍት በር» የተባለ፣ በሃርቫርድ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ሕይወት የሚደግፍ ቋት ተቋቋመ። በበር የተከበበ ግቢ ላላቸው ሰዎች ስሙ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ለእኛ አንባቢም እንዲሁ። ተመራቂው ስጦታው ወደ አጠቃላዩ ካዝና ገብቶ ከሚጠፋ ለተማሪ ቡድኖች፣ ለምርምርና ለዝግጅቶች እንዲውል መስጠት ቻለ። የሚሰጠው ድጋፍ በሚሊዮን የሚቆጠር አልነበረም፤ ነገር ግን የአዳራሽና የእንግዳ ተናጋሪ ወጪ ለመሸፈን ለሚቸገር የተማሪዎች ክበብ ትንሹ ገንዘብ ትልቅ ነው። ከኮከሱ ጓዳ ሌላም ነገር ወጥቷል፤ በ1994 ሃርቫርድ ጌይ ኤንድ ሌዝቢያን ሪቪው በሚል ስም የተጀመረው የሥነ ጽሑፍና የሐሳብ መጽሔት ኋላ ከዩኒቨርሲቲው ስም ተላቅቆ ራሱን ችሏል።

የግቢው ሕይወት ግን በደንብና በገንዘብ ብቻ አልተለወጠም። በ1991 መገባደጃ አንድ የወግ አጥባቂ ተማሪዎች መጽሔት ሙሉ እትሙን ግብረ ሰዶምን ለማውገዝ አዋለው። ተማሪዎች በግቢው ባለው የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ለተቃውሞ ተሰበሰቡ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ፒተር ጎምስ ነበሩ፤ የባፕቲስት ሰባኪ፣ የክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ፕሮፌሰር፣ በሬጋን ሁለተኛ በዓለ ሢመት ላይ ቡራኬ የሰጡ ጥቁር አሜሪካዊ። ክርስቲያን እንደሆኑ፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪም እንደሆኑ በዚያ ደረጃ ላይ ተናገሩ። ከመንበራቸው ይነሱ የሚሉ ድምፆች ቢሰሙም ዩኒቨርሲቲው አልተነቃነቀም፤ ጎምስ በ2011 እስኪያርፉ ድረስ በሃርቫርድ ቆዩ።

ከሠራዊቱ ጋር የነበረው ክርክር ረዘም ያለ ነው። በ1993 የምረቃ በዓል ላይ የክብር እንግዳው የጦር ኃይሎች ጥምር አዛዦች ሊቀ መንበር ኮሊን ፓወል ነበሩ፤ ተማሪዎችና ተመራቂዎች የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በሠራዊቱ ውስጥ እንዳያገለግሉ የተጣለው እገዳ እንዲነሳ የሚጠይቁ ፊኛዎች ይዘው ተቀበሏቸው። ከቬትናም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ከግቢው የራቀው የመኮንኖች ማሠልጠኛ የተመለሰው ኮንግረስ እገዳውን በሻረ ማግስት፣ በ2011 ነው።

ከከተማዋም አንድ ነገር ልጨምር። ማሳቹሴትስ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የፈቀደችው በ2003 በተሰጠ የፍርድ ውሳኔ ሲሆን ውሳኔውን የጻፉት ዋና ዳኛ ማርጋሬት ማርሻል ቀደም ሲል የሃርቫርድ ዋና የሕግ አማካሪ ነበሩ። ውሳኔው በሥራ ላይ በዋለበት በግንቦት 17 ቀን 2004፣ ልክ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ በሩን ከፍቶ ማመልከቻ መቀበል የጀመረው የኬምብሪጅ ከተማ አዳራሽ ነው፤ ከሃርቫርድ ግቢ በእግር የሚደረስ። በቀዩ መጽሐፍ ላይ ያለችው የትዳር ጓደኛ መስመር ከዚያ ወዲህ በሕግም የምትሞላ ሆነች።

የማኅበሩ ትልቁ ሥራ የምለው ግን የ2009ኙን ነው። በዚያ ዓመት ኮከሱ ከአባላቱ ባሰባሰበው 1.5 ሚሊዮን ዶላር በጾታና በጾታዊ ዝንባሌ ጥናት የጎብኚ ፕሮፌሰር ወንበር ተቋቋመ። በአብነት ትምህርት ቤት «ወንበር ዘረጋ» ሲባል መምህሩ ማስተማሪያ ቦታ አግኝቶ ደቀ መዛሙርት ሰበሰበ ማለት ነው፤ የአሜሪካኖቹም ወንበር ከዚህ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ በገንዘቡ ላይ ነው፤ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ ለመምህሩ ስለሚከፈል ወንበሩ መምህር ሲለዋወጥበት ይኖራል። በዚህ መስክ በአሜሪካ በሰው ስም የተሰየመ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቋሚ ወንበር ተብሎ ታውጇል። በ2012 የመጀመሪያው ተቀማጭ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ሊቁ ሄንሪ አቤሎቭ ሆኑ።

ወንበሩ የተሰየመው በኤፍ ኦ ማቲሰን ነው። ማቲሰን ከ1929 ጀምሮ በሃርቫርድ ያስተማረ፣ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ የራሱን መስክ ይዞ እንዲጠና ካደረጉት ሊቃውንት ቀዳሚው ነው። ከሠዓሊው ራስል ቼኒ ጋር በ1924 ወደ አውሮፓ በሚጓዝ መርከብ ላይ ተዋውቆ ሃያ ዓመት ያህል አብረው ኖሩ፤ በተለያዩ ጊዜ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ከባልደረቦቹ የሚያውቁት ያውቁ ነበር፤ የሚናገር ግን አልነበረም። ቼኒ በ1945 ሞተ። ማቲሰንም በ1950 በቦስተን ከአንድ ሆቴል መስኮት ራሱን ወረወረ። ከሃርቫርድ የተማሪዎች ማደሪያዎች አንዱ በሆነው በኤልየት ሃውስ መጻሕፍቱ የተቀመጡበት፣ በስሙ የሚጠራ ክፍል አለ።

የወንበርን ጥቅም ለማየት ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ዞር ማለት ይበቃል። በ1957 ከዚያ የተመረቀው ደራሲና የኤድስ ታጋይ ላሪ ክሬመር ለተመሳሳይ ጥናት ቋሚ ወንበር የሚሆን ገንዘብ እሰጣለሁ ሲል ዩኒቨርሲቲው በ1997 አልቀበልም አለ፤ መስኩ ጠባብ ነው የሚል ምክንያት ተሰጠ። በ2001 ወንድሙ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ በላሪ ስም የአምስት ዓመት ፕሮግራም ተከፈተ፤ በ2006 ተዘጋ። አንድ ዓይነት ሐሳብ፣ ተቀራራቢ ገንዘብ፤ አንዱ ጊዜው ሲያልቅ የሚያበቃ ፕሮግራም ሆነ፣ ሌላው ወንበር።

ኮከሱ ከዚህ ሌላ የሚሠራው የየዓመቱ የተለመደ ሥራ ነው፤ በምረቃ ሰሞን እራት ያዘጋጃል፣ የዚያ ዓመት ተመራቂ ከአርባ ዓመት በፊት ከተመረቀው ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጣል። በዚያ ገበታ አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጡት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ግቢ የተማሩ አይመስሉም። ወጣቱ የሚያውቀው በ2012 በኮሌጁ ውስጥ የተከፈተውን፣ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪና ለትራንስጀንደር ተማሪዎች የቆመውን ጽሕፈት ቤት ነው፤ አንድ ችግር ሲገጥመው የሚያንኳኳው በር ነበረው።

በሐምሌ 2025፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሃርቫርድ ላይ ጫናውን ባበረታበት ወቅት፣ ኮሌጁ ይህን ጽሕፈት ቤት ከሴቶች ማዕከልና ከልዩ ልዩ ዘር ተማሪዎች መሥሪያ ቤት ጋር ዘጋ። ሠራተኞቹ የባህልና የማኅበረሰብ ጽሕፈት ቤት ወደተባለ አንድ አዲስ ክፍል ተዛወሩ። በአዲሱ ስም ውስጥ ሴቶችም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችም አልተጠቀሱም። የ1984ቱ ተመራቂዎች መጀመሪያ የጠየቁት በደንቡ ውስጥ በስም መጠቀስ ነበር።