«ማታማ በሽተኛው ይተኛል» እና ሌሎች ስለ ነርስነት የሚወሩ ስህተቶች

ተማሪው የመጀመሪያው የሌሊት ተራ ሲደርሰው ከጎረቤትም ከቀደሙት ተማሪዎችም የሚሰማው ያው ነው፦ «ማታማ ምን ሥራ አለ? በሽተኛው ይተኛል፣ አንተም ጋደም ትላለህ።» ስንት ጊዜ ቢታረም ተመልሶ ይመጣል። እሱ ይቆየንና መጀመሪያ ጥቃቅኖቹን እናንሳ።

«ነርስነት ሐኪም መሆን ያቃተው የሚገባበት ነው።» ሌላ ሙያ ነው፤ የራሱ ዲግሪ፣ የራሱ መውጫ ፈተና፣ የራሱ የሙያ ፈቃድ ምዘና አለው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ ሳሉ የተማሩት ነርስነትን ነው፤ ሌላ ስላቃታቸው አይመስለኝም።

«የሴት ሥራ ነው።» ለዚህ ነዋ ወንዱን ነርስ «ዶክተር»፣ ሴቷን ሐኪም «ሲስተር» እያላችሁ የምትጠሩት!

«ሒሳብ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቀረ።» አልቀረም። 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር እንዲገባ ታዘዘ እንበል። የተለመደው መስመር 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ 1,000ን በ20 አባዝታችሁ ለ480 ደቂቃ ስታካፍሉ በደቂቃ 42 ጠብታ ይመጣል። ያንኑ 42 ለሕፃናት በሚሆነው ባለ60 መስመር ከቆጠራችሁ ግን በ8 ሰዓት የሚገባው 336 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳታነቡ አትሰኩ። በሽተኛው እጁን ሲያጥፍም ጠብታው ስለሚቀንስ በየሰዓቱ ሰዓት ይዞ መቁጠር ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ። በሽተኛው መተኛቱ እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ቀን «ራሴን አዞረኝ» የሚል ሰው ሌሊት ዝም ይላል። ኢንሱሊን ተወግቶ እራቱን የተወ የስኳር በሽተኛ ስኳሩ ሲወርድ ላየው ሰው የተኛ ይመስላል። አስታማሚዋ ነጠላዋን ተከናንባ ከአልጋው አጠገብ እንደተቀመጠች «ሲስተር፣ ገና አሁን ነው የተኛልኝ፣ አትቀስቅሺብኝ» ትላለች። ታሳዝናለች፤ ቢሆንም ቀስቅሱት። በስሙ ጥሩት፣ ትከሻውን ነካ አድርጉ፣ ግንባሩንና አንገቱን ዳብሱ። ላብ ካጠመቀውና ቆዳው ከቀዘቀዘ ወዲያው ስኳሩን ለኩ። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሆኖ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ካልነቃ በአፉ ምንም አይገባም፤ አስታማሚዋ ማር ይዛ ብትመጣም አይሆንም፣ ወደ ሳንባው ይሄዳል። ተረኛው ሐኪም ይጠራ፣ ግሉኮሱ በደም ሥር ይሰጥ።

ሁለተኛው ማንኮራፋት ነው። ሞርፊን (የሕመም ማስታገሻ) ወይም ዳያዜፓም (ማረጋጊያ) የወሰደ ሰው ሲያንኮራፋ «እሰይ፣ እንቅልፍ ወሰደው» ይባላል። ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት አንዷን ስህተት አራት ያደርጋታል። ሳይቆጥሩ 20 ብሎ መጻፍ ደግሞ የሙያችን አሳፋሪ ልማድ ነው፤ 30 በሽተኛ ተኝቶ ሁሉም እኩል 20 የሚተነፍስበት ዋርድ የለም። ከ12 በታች ከሆነ አንቁት፣ ኦክስጅን አቅርቡ፣ ሐኪም ጥሩ። ኦክስጅኑ መኖሩን ግን ያኔ አይደለም የምታዩት፤ የሲሊንደሩን ጌጅ አይቶ፣ አምቡ ባጉን (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ከረጢት) ጨምቆ መሞከር የማታው ርክክብ ላይ ነው።

እዚያው ርክክብ ላይ ሰዓቱንም አጥሩ። ቻርት ላይ «6» ብቻ ከተጻፈ የኛ ከሌሊቱ 6 ነው ወይስ የፈረንጆቹ፣ ማለትም ንጋት 12? በየ6 ሰዓቱ ለሚሰጥ መድኃኒት ልዩነቱ አንድ ሙሉ ዶዝ ነው። የቀኑ ተረኛ ጋውኑን ሳያወልቅ ጠይቁት።

«ቡና ካለ እንቅልፍ አያሸንፍም።» ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ቡና ብቻውን አይበቃም፤ ሰውነት ራሱ የሚዝልበት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተኝታችሁ ግቡ፣ የመጨረሻውን ስኒ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ አለዚያ ጠዋት ቤት ገብታችሁ ጣሪያ ስትቆጥሩ ትውላላችሁ። በነዚያ ሰዓታት የሠራችሁትን የመድኃኒት ስሌት ለባልደረባ አሳዩ፤ የአምፑሉንም ስም በበሽተኛው አልጋ ጨለማ ውስጥ አታንብቡ፣ መብራት ሥር ውሰዱት።