«ቤቴ ኢንሹራንስ አለው» እና ሌሎች ውድ ስህተቶች

ስለ ቤት ኢንሹራንስ ሲነሳ አንዱ «ገንዘብ ማባከን ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «እኔ ገብቻለሁ፣ ሐሳብ የለኝም» ብሎ ይተኛል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ውሉን አላነበቡትም። የተፈጥሮ አደጋን በተመለከተ ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«የቤት ኢንሹራንስ አለኝ፤ ጎርፍም ቢመጣ፣ መሬትም ቢንቀጠቀጥ ይከፍሉኛል።»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። በብዙ አገሮች የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ እሳትንና ስርቆትን፣ አንዳንዴም ነፋስን ይሸፍናል። ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ብዙ ጊዜ ከውሉ ውጭ ናቸው። ወይ ተጨማሪ ተከፍሎባቸው ይገባሉ፣ ወይ ለብቻቸው ይገዛሉ።

ለምን ቢሉ፣ እሳት ብዙውን ጊዜ የሚያቃጥለው አንድ ቤት ነው። የዚያን ሰው ጉዳት የሌሎቹ ደንበኞች አረቦን (ለመድኑ የሚከፍሉት ገንዘብ) ይሸፍነዋል። ጎርፍ ግን ሰፈሩን በሙሉ በአንድ ሌሊት ያጥለቀልቃል። አረቦን ከፋዩ ሁሉ በአንድ ቀን ካሳ ጠያቂ ሲሆን ኩባንያው ከየት ያመጣል? ኩባንያዎቹ ራሳቸው ጠለፋ መድን የሚገዙት አንድም ለዚህ ነው። አዎ፣ ኢንሹራንስ ሻጩም ኢንሹራንስ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡባዊ ጠረፍ ሲመታ ብዙዎች ይህን ያወቁት ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ነው። በውላቸው ነፋስ አለ፤ ጎርፍ የለም። ታዲያ ቤቱን ያፈረሰው ነፋሱ ነው ወይስ ውሃው? በዚህ ጥያቄ ባለቤቶችና ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተጓተቱ። ከዚያ ወዲህ ውል ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው የማይሸፈኑ ጉዳቶች የተዘረዘሩበትን ገጽ ነው።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ ነው የተባለው፤ እኔ አልደርስበትም።»

ስሙ ነው ያሳሳተን። የመቶ ዓመት ጎርፍ ማለት በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ጎርፍ ነው። ዘንድሮ ደርሶ ለከርሞ ሊደገም ይችላል። የ30 ዓመት የቤት ብድር የሚከፍል ሰው፣ ብድሩን እስኪጨርስ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚደርስበት ዕድል 26 በመቶ ገደማ ነው። ከአራት አንድ ማለት ነው።

«ደመናው ሲጠቁር እገዛለሁ።»

መድን ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት የጎርፍ መድን በአብዛኛው ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው።

«ባንኩ አስገብቶኛል።»

ባንኩ ያስገባዎት መጀመሪያ ለራሱ ገንዘብ ብሎ ነው። ሽፋኑ የቀረውን ዕዳ ያህል ብቻ ከሆነ ባንኩ ገንዘቡን ያገኛል፤ እርስዎ ፍርስራሹን።

«ከደረሰ ሙሉውን ይከፍላሉ።»

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። ለመሬት መንቀጥቀጥ ባለቤቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ብዙ ጊዜ በመቶኛ ይቀመጣል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ከ5 እስከ 25 በመቶ መምረጥ ይቻላል። ቤቱ በ1,000,000 ተመዝግቦ ድርሻዎ 15 በመቶ ከሆነ፣ የመጀመሪያው 150,000 ከኪስዎ ነው። ግድግዳ ተሰንጥቆ ጥገናው 120,000 ቢያስወጣ አንድም ሳንቲም አያገኙም። አረቦኑ ረክሶ ሲያዩት ይህን ቁጥር ይጠይቁ።

ሌላው ወጥመድ ቤቱን ከዋጋው በታች ማስመዝገብ ነው። መልሶ ለመሥራት 1,000,000 የሚፈጀውን ቤት በ500,000 ካስገቡት፣ ብዙ ውሎች ጉዳቱንም በዚያው መጠን ይቆርጡታል። 200,000 ጉዳት ቢደርስ የሚከፈልዎት 100,000 ነው። ደግሞ መታየት ያለበት የግንባታው ወጪ እንጂ የመሸጫ ዋጋው አይደለም። መሬቱ የትም አይሄድም፤ ካልተንሸራተተ በቀር።

«መንግሥት ይደርስልናል።»

ይደርስ ይሆናል፤ ግን የሚበላና የሚጠለሉበት ለማቅረብ እንጂ ሳሎንዎን እንደነበረ ለመመለስ አይደለም። በአሜሪካ ከሚሰጠው እርዳታ ሰፊው ክፍል አነስተኛ ወለድ ያለው ብድር ነው። ብድር ደግሞ ይከፈላል። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የኒጋታ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በ1966 በመንግሥት የሚደገፍ የመሬት መንቀጥቀጥ መድን ጀምራለች። እሱ እንኳን የሚሸፍነው ለቤቱ ከተገባው የእሳት መድን መጠን ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። ዓላማው ኑሮን ማስቀጠል ነው። ቱርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999ኙ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ይህን መድን አስገዳጅ አድርጋለች።

«እንግዲያው ሁሉም ቤት ያለው ሰው ይግዛ።»

ይህም ስህተት ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቤቱ ነገ ቢጠፋ ከራስዎ ገንዘብ መልሰው መሥራት ይችላሉ? የሚችሉ ከሆነና አደጋው በአካባቢው ብርቅ ከሆነ ይቅርብዎ፤ ገንዘቡን ያስቀምጡ። ያለዎት ሀብት ያ ቤት ብቻ ከሆነና ቦታው ለአደጋ የተጋለጠ ከሆነ ግን እኔ ብሆን እገዛ ነበር። ድርሻውን ከፍ አድርጌ አረቦኑን አስቀንሳለሁ። ትንሹን ጉዳት ራሴ እችለዋለሁ፤ የምፈራው ትልቁን ነው። ጣሪያውን ከግድግዳው አጥብቆ ማሰር፣ የመብራት ቆጣሪውን ከፍ ማድረግ የመሳሰለውም አይዘንጋ። አንዳንድ ኩባንያዎች ለዚህ አረቦን ይቀንሳሉ።

ከገዙ ቤቱንና ዕቃውን ክፍል በክፍል ፎቶ ያንሱ፤ ካሳ ሲጠይቁ ማስረጃ ይሆንዎታል። ፎቶውን ግን ስልክዎ ላይ ብቻ አይተዉት። ስልኩም ከቤቱ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል።