የሞንተሬይ የመኪና ሳምንት እና "ድሮ ቀረ" ሚሉት ወዳጆቹ

ሞንተሬይ ካር ዊክ ሚባለው ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ደቡብ ሁለት ሰአት ገደማ ነድተህ ምትደርስበት የሞንተሬይ ባህረ ገብ መሬት ላይ በየአመቱ በነሐሴ አጋማሽ ሚደረግ የድሮ መኪና ሳምንት ነው። አንድ ሾው ብቻ እንዳይመስልህ፣ ሩጫ አለ፣ ጨረታ አለ፣ የክለቦች መሰባሰብ አለ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት አለ፣ የሁሉም መደምደሚያ ደሞ እሁድ ቀን ፔብል ቢች የጎልፍ ሜዳ ላይ ሚደረገው ኮንኩር ዴሌጋንስ ነው፣ በቃ የመኪና የቁንጅና ውድድር በለው። በስም ሚፎካከረው ቢኖር ጣልያን ኮሞ ሀይቅ ዳር በ1929 የተጀመረው ቪላ ዴስቴ ነው (እዚህ ምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ታድያ ከሳምንቱ እኩል ስር የሰደደ ሌላ ልማድም አለ እሱም ማማረር ነው። ነሐሴ ባለቀ ቁጥር ነባሮቹ "ድሮ ቀረ" ይላሉ፣ ቲኬቱ ሰማይ ነካ፣ አዲስ መኪና በዛ፣ ባለቤቶቹ የገዛ መኪናቸውን ኮፈን መክፈት አያውቁም፣ ምናምን።

ቅሬታው ውስጥ እውነት አለ፣ ግን ድሮ ሚባለው ራሱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አልነበረም። ፔብል ቢች በ1950 ሲጀመር ዋናው ጉዳይ ሩጫ ነበር፣ በጥድ ዛፍ መሀል ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ሚደረግ የስፖርት መኪና ሩጫ፣ የመጀመሪያውንም ፊል ሂል ሚባል የካሊፎርኒያ ወጣት በጃጓር ኤክስኬ 120 አሸነፈ። ሾው ለሩጫው ማሟያ ነው የገባው፣ የቀረቡት መኪኖችም 30 ቢሆኑ ነው። ያሸነፈችው ደሞ አሮጌ መኪና አይደለችም፣ ስተርሊንግ ኤድዋርድስ ሚባል ሰው እዛው ካሊፎርኒያ ያሰራት አዲስ ስፖርት መኪና ነች። በመጀመሪያዎቹ አመታት ሽልማቱን ሚወስዱት አዳዲስ መኪኖች ነበሩ፣ ሳር ላይ ቆመው ሚታዩት ገበያ ላይ ያሉት ናቸው።

ነገሩን የቀየረው ያው ፊል ሂል ነው። በ1955 የአክስቱ የነበረችውን የ1931 ፒርስ አሮው አድሶ ይዞ መጣና አንደኛ ወጣ፣ ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በፊት የተሰራች መኪና ስታሸንፍ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። ሰውየው በኋላ በ1961 በፌራሪ የፎርሙላ ዋን የአለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ ግን የድሮ መኪና ወዳጆች ጋ የ1955ቱ ስራው ሳይበልጥ አይቀርም ምክንያቱም ከዛ ወዲህ ሾው ማለት ሌላ ነገር ሆነ፣ ጎተራ ውስጥ የተረሳ መኪና ፈልጎ፣ ፈትቶ፣ እስከ መጨረሻው ብሎን አድሶ ማቅረብ። ዛሬ "የጥንቱ ትክክለኛ ኮንኩር" እየተባለ ሚናፈቀው እንግዲህ ይሄ ራሱ አንዴ እንደ ለውጥ የገባው ነገር ነው።

ሩጫው ግን ብዙ አልቆየም። በ1956 ኧርኒ ማካፊ ሚባል ሹፌር ፌራሪ እየነዳ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ፣ ጫካ ውስጥ መሮጥ በዛው ቆመ፣ በአመቱ በ1957 ላጉና ሴካ ሚባለው የውድድር ትራክ ተከፈተ። በ1974 ስቲቭ ኧርል ሚባል ሰው እዛው ትራክ ላይ የታሪካዊ መኪኖችን ሩጫ ጀመረና የድሮ ሬስ መኪኖች ከሙዚየም ወጥተው እንደገና ነዳጅና ጎማ ማቃጠል ጀመሩ። ቅዳሜ ሩጫ እሁድ ሾው፣ ሳምንቱ የዛሬ ቅርፁን እየያዘ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከ2010 ጀምሮ ሩጫውን ሚያካሂደው ሌላ አዘጋጅ ነው፣ ስሙም የሰአት ኩባንያውን የሮሌክስን ስም የያዘ ነው።

ዳኝነቱ እንዴት እንደሚሰራ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ግማሹ ጭቅጭቅ ከዚህ ነው ሚመጣው። መኪኖቹ በክፍል በክፍል ይመደባሉ፣ ለምሳሌ በፋብሪካ፣ በዘመን፣ ወይ ቦዲዋን በሰራው የእጅ ባለሙያ ቤት (የድሮ ውድ መኪና ፋብሪካው ቻሲና ሞተሩን ብቻ ሰጥቶ ቦዲውን ደምበኛው ሌላ ቤት ነበር ሚያሰራው)። አንደኛው የዳኞች ቡድን ኦርጅናልነቷን ያያል፣ ብሎኗ፣ የመብራቷ መስታወት፣ የቆዳዋ ስፌት፣ የሞተር ቁጥሯ በዘመኗ ከነበረው ጋር ይሄዳል ወይ ይላል። ሌላኛው ደሞ ውበቷን ብቻ ያያል። መኪናዋ ተነስታ በራሷ ሞተር ወደ ሜዳው መግባት አለባት፣ ተገፍታ አይሆንም። በ1998 ደሞ ቱር ዴሌጋንስ ሚባል ነገር ተጨመረ፣ ሐሙስ ቀን መኪኖቹ በህዝብ መንገድ ላይ በባህሩ ዳር ይነዳሉ፣ እሁድ ሁለት መኪኖች እኩል ነጥብ ካመጡ ሐሙስ መንገዱን የጨረሰችው ታሸንፋለች። ይሄ ህግ የወጣው ከተጎታች ላይ ወርደው ሳር ላይ ቆመው ተመልሰው ተጎታች ላይ ሚወጡ መኪኖች በዝተዋል ለሚለው ቅሬታ መልስ ይመስለኛል፣ ጥሩ መልስም ነው። የአንድ ሰው ሙሉ ደሞዝ ሚያወጣ ቀለም ያላት መኪና ትንኝ ተለጥፎባት ስትመለስ ማየት ደስ ይላል።

እሺ ታድያ ሰው ምን አስቀየመው? እኔ እስከሚገባኝ መነሻው ብር ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ሚቀጥል ነው።

ፌራሪ 250 ጂቲኦ ከ1962 እስከ 1964 ድረስ 36 ብቻ ነው የተሰራችው። ሩጫ ላይ ጊዜዋ ሲያልፍ እንደማንኛውም ያገለገለ የሩጫ መኪና በጥቂት ሺህ ዶላር ነበር ምትሸጠው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ የድሮ ፌራሪን እንደ አክሲዮን መግዛት ጀመረ፣ በ1990 አካባቢ ዋጋው ተንኮታኮተ፣ ብዙዎች ተቃጠሉ፣ ግን ሀሳቡ አልሞተም። በ2014 ሞንተሬይ ላይ አንዷ ጂቲኦ 38.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች፣ በ2018 እዛው ሞንተሬይ ሌላኛዋ 48.4 ሚሊዮን። በ2022 የሳምንቱ ጨረታዎች በድምሩ ወደ 470 ሚሊዮን ዶላር አስገቡ። እንግዲህ አስበው፣ መኪናህ 40 ሚሊዮን ከሆነች ላጉና ሴካ ላይ ወስደህ ከሌላ ሰው ጋር ጎን ለጎን ኩርባ ትገባባታለህ? ኢንሹራንሱስ ምን ይልሃል? ስለዚህ እውነተኛዋ ቤት ትቀመጣለች፣ ትራክ ላይ ሚወጣው ወይ ርካሹ ወይ አስመስሎ የተሰራው ይሆናል፣ ነባሮቹም "ሩጫው ለስሙ ነው" ይላሉ።

ብሩ ሰዉንም ቀየረው። ድሮ ሳር ላይ ከመኪናዋ አጠገብ የቆመው ሰውዬ ራሱ ጋራዡ ውስጥ ለአመታት የታገላት ነበር፣ ካርቡራተሩን እንዴት እንዳስተካከለ፣ የጠፋውን መለዋወጫ የት ሀገር እንዳገኘ ስትጠይቀው እስኪመሽ ያወራሃል። አሁን ባለቤቱ ባዶ ወንበር ትቶ ምሳ ላይ ነው፣ ስለመኪናዋ ሚነግርህ ያደሳት ድርጅት ሰራተኛ ነው። እዚህ ላይ ግን ለነባሮቹ ሙሉ በሙሉ አልፈርድላቸውም። ያ ሰራተኛ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱም ከተቺውም በላይ ያውቃል፣ የሀብታሙ ብር ባይኖር ላሜራ በእጁ ቀጥቅጦ ሚያወጣ፣ የድሮ ክሮም ሚነክር፣ ቦዲው ሚያርፍበትን የእንጨት አፅም ሚሰራ ባለሙያ ዛሬ ዳቦ አይበላም ነበር። ሙያው የተረፈው በዚሁ ሚያናድደው ብር ነው።

ቲኬቱ ግን ምንም ማስተባበያ የለውም። የእሁዱ ሾው መግቢያ በቅርብ አመታት ከ400 ዶላር በላይ ነው። አርብ ቀን ሚደረገው ዘ ኩዌል ሚባለው ሾው (በ2003 የተጀመረ ነው) ደሞ ምግብና ሻምፓኙን ጨምሮ ከሺህ ዶላር አልፏል፣ እሱም ቲኬቱ ከተገኘ ነው። ፔብል ቢች ለበጎ አድራጎት በጠቅላላው ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ መስጠቱ እውነት ነው፣ ቢሆንም አንድ መካኒክ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ እሁድ ጠዋት ሄዶ መኪና ሚያይበት ነገር አይደለም። ከሁሉም በላይ ጉዳት ያመጣው ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የመኪና ፍቅር ሚተላለፈው አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ "ይቺን አየሃት?" ሲለው ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ቅሬታ አዳዲስ መኪኖች ናቸው። የመኪና ፋብሪካዎች የሳምንቱ ተመልካች ኪሱ ከባድ እንደሆነ ሲገባቸው ሳምንቱን የአዲስ ሞዴል ማስተዋወቂያ አደረጉት። ቡጋቲ በ2018 ዲቮን፣ በ2022 ሚስትራልን ዘ ኩዌል ላይ ነው ያሳየው፣ ኮኒግሴግም ሲሲ 850ን እዛው። ፔብል ቢች ላይም ከሾው ሜዳው አጠገብ አዳዲስና የሙከራ መኪኖች ሚቆሙበት የተለየ ሳር አለ። የ2025ቱ ደሞ ለነባሮቹ ጥሩ ማስረጃ ሰጣቸው፣ የድሮ መኪና ሳምንት ተብሎ በጨረታ ከፍተኛውን ዋጋ ያወጣችው አንዲት ለብቻዋ የተሰራች አዲስ ፌራሪ ዴይቶና ኤስፒ 3 ነች፣ 26 ሚሊዮን ዶላር፣ ገቢው ለበጎ አድራጎት ይሁን እንጂ። የ1961 ካሊፎርኒያ ስፓይደር በ25.3 ሚሊዮን ተከተለቻት። ያው ግን ከላይ እንዳልኩት ሾው ሲጀመርም አዲስ መኪና ነበር ያሸነፈው፣ ስለዚህ "አዲስ መኪና እዚህ ምን ይሰራል" ሚለው ከቅሬታዎቹ ሁሉ ታሪክ ሚከዳው ነው። ልዩነቱ ያኔ ባለቤቱ ራሱ ነድቶ ነበር ሚያመጣት፣ አሁን ኩባንያው ነው ከነድንኳኑና ከነአስተናጋጁ ሚመጣው።

ከዛ መንገዱ አለ። የካርሜልና የሞንተሬይ ጎዳናዎች በዛ ሳምንት በላምቦርጊኒና በማክላረን ይሞላሉ፣ ወጣቶቹ ስልካቸውን ደግነው መንገድ ዳር ተሰልፈው "አስነሳው!" ይላሉ፣ ነጂውም ያጓራል፣ የሰፈሩ ሰው ፖሊስ ይጠራል። ነባሮቹ ልጆቹን ይረግማሉ ግን እኔ ልጆቹ ላይ ብዙ ቂም የለኝም፣ ሺህ ዶላር የሌለው የ16 አመት ልጅ መኪና ሚያይበት ቦታ እሱ ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ ሞንተሬይ ላይ ጎልቶ ይታይ እንጂ ሌላም ቦታ አለ። ሀገርቲ ሚባለው የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስ ኩባንያ በ2021 ፍሎሪዳ ያለውን፣ ቢል ዋርነር በ1996 የመሰረተውን የአሜሊያ ኮንኩር ገዛ፣ በዛው አመት ራሱ ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ላይ ገባ፣ በቀጣዩ አመት የ80ዎቹንና የ90ዎቹን መኪና ሚያሳየውን ራድዉድን ጨመረ፣ የጨረታ ቤትም ያዘ። ኢንሹራንሱም፣ ዋጋ ግምቱም፣ ሾውም፣ ጨረታውም አንድ ቤት ሲሆን ሰው ቢያጉረመርም ምን ይገርማል። ዲትሮይት አካባቢ ሰው መኪናውን ይዞ ጎዳና ላይ ሚንሸራሸርበት ዉድዋርድ ድሪም ክሩዝ ደሞ በ1995 ፈርንዴል ላይ ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ብር ለማሰባሰብ የተጀመረ የሰፈር ነገር ነው፣ ዛሬ በስፖንሰር ድንኳን መሀል አዲስ ማስታንግና ቻሌንጀር ጎማ ሚያጨሱበት ሆኗል ብለው ሚያዝኑ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዞ መኪና ማየት ሚለውን ልማድ ያስፋፋው የአይርቫይኑ ካርስ ኤንድ ኮፊም በ2006 ተጀምሮ ሰውና ትራፊኩ ከአቅም በላይ ሲሆን በ2014 መጨረሻ ተዘጋ፣ ስሙና ልማዱ ግን አለምን አዳረሰ።

የ"ክላሲክ" መስመሩም ዝም ብሎ አይቆምም። የአሜሪካው ክላሲክ ካር ክለብ ከ1915 እስከ 1948 የተሰሩ የተመረጡ መኪኖችን ብቻ ነው ሚቀበለው። በ1935 የተመሰረተው የጥንታዊ መኪና ክለብ ግን 25 አመት ከሞላት በቃ ይላል፣ ስለዚህ የ2000 ሆንዳ ዛሬ ፓካርድ (የድሮ የአሜሪካ ውድ መኪና) ያለበት ክለብ ውስጥ መቆም ትችላለች። ሽማግሌዎቹ ይሄን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል፣ ግን ፓካርድ ሲነዳ ያየ ትውልድ እያለፈ ስለሆነ ሌላ አማራጭ የላቸውም፣ ሰው ሚወደው 15 አመቱ እያለ ግድግዳው ላይ የለጠፋትን መኪና ነው።

ነባሮቹን ያስደሰተ ነገር ደሞ በ2024 ሆነ። ፔብል ቢች ላይ ቀለሟም ቆዳዋም ያልታደሰ፣ የቤልጂየሙ ንጉስ ሊዮፖልድ 3ኛ የነበረች የ1934 ቡጋቲ ታይፕ 59 አጠቃላይ አሸናፊ ሆነች። እኛ ጋ መኪና ሲሸጥ "ቀለም ያልነካት" እንደሚባለው ማለት ነው፣ ባለችበት የተጠበቀች መኪና ሽልማቱን ስትወስድ በታሪኩ የመጀመሪያዋ ነች። ለአስርት አመታት ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበረችው በላይ ያብለጨለጨ ሲሸለም ኖሮ የተሰነጠቀ ቀለም ሲያሸንፍ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምንም እንኳን ይቺም መኪና ብትሆን ሚሊየነር ካልሆንክ ምትገዛት ባትሆንም።

ብር ሳያወጡ ሳምንቱን ማየት ለሚፈልጉ ያሉት መንገዶች እነዚህ ናቸው። የሐሙሱ ቱር ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት በነፃ ነው፣ እነዛው እሁድ በ400 ዶላር ሚታዩት መኪኖች ናቸው፣ ያውም ሞተራቸው እየሰራ። በ2009 የተጀመረው ኮንኩር ደ ሌመንስ ደሞ በፔብል ቢች ለማሾፍ የተፈጠረ የአስቀያሚ መኪኖች ሾው ነው፣ ዩጎ፣ ፒንቶ፣ ግሬምሊን፣ ዝገቱ ሚረግፍ ሁሉ ይመጣበታል፣ ዳኞቹ በግልፅ ጉቦ ይቀበላሉ፣ ለተመልካች መግቢያው ነፃ ነው። የሚገርመው እሱንም ሀገርቲ ገዝቶታል።