ሠላሳ ድምፅ እና አምስት ባልዲ ወተት

ስለ ፖለቲካ ሲወራ ፈላስፋ ወይም ደራሲ የሚጠቅስ ሰው «አንተ ደግሞ መጽሐፍህን ይዘህ መጣህ» ይባላል። እኔም ብዙ ጊዜ ተብያለሁ። አብረው የሚመጡትን አባባሎች እስቲ ላንሳቸው።

«ፍልስፍና የሥራ ፈት ወሬ ነው።»

ወሬ ብቻ ቢሆን የጥንቷ ግሪክ ከተማ የአቴና ሰዎች ፈላስፋውን ሶቅራጥስን ባልገደሉት። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 399 ነው። ክሱ «የከተማዋን አማልክት አያምንም፣ ወጣቶችን ያበላሻል» የሚል ነበር። የፈረደበት ንጉሥ እንዳይመስላችሁ። በዕጣ የወጡ 500 ገደማ ተራ ዜጎች ናቸው። ተማሪው ፕላቶ እንደጻፈው፣ ሶቅራጥስ ውጤቱን ሲሰማ የገረመው የልዩነቱ ማነስ ነበር። 30 ሰዎች ወደ ሌላው ወገን ቢያልፉ ኖሮ ነፃ ይወጣ ነበር! እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም መጽሐፉን አስቀምጣለሁ። ድምፁ በሥርዓት ተሰጥቷል፣ ተቆጥሯል። ሰውየው ግን መርዝ ጠጣ።

«ፕላቶ ዴሞክራሲን ይጠላል፤ ስለዚህ የአምባገነን ወዳጅ ነው።»

መጥላቱስ እውነት ነው። መምህሩን በድምፅ ብልጫ የገደለች ከተማን እንዴት ይውደድ? ነገር ግን መንግሥታትን ከላይ ወደ ታች ሲደረድር አምባገነንነትን ያስቀመጠው ከዴሞክራሲም በታች፣ መጨረሻ ላይ ነው። የፈራው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደውን መንገድ ነው። ሕዝቡ ጠባቂዬ የሚለውን አንድ ጀግና ያነሳል። ጀግናው «ሊገድሉኝ ነው» ብሎ ዘበኛ ይጠይቃል። ይሰጡታል። አለቀ።

«ዴሞክራሲ ማለት ምርጫ ነው።»

የፕላቶ ተማሪ አርስቶትል ይህን ቢሰማ ግር ይለው ነበር። ለእሱ ሹመት በዕጣ ሲሆን የዴሞክራሲ፣ በምርጫ ሲሆን የጥቂቶች አገዛዝ መለያ ነው። ዕቁብ የጣለ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ዕጣ ሀብታም ከድሃ አይለይም። የጦር አዛዥ ላይ ሲደርሱ ግን አቴናውያንም አይቀልዱም፣ ይመርጡ ነበር። ሴቶች፣ ባሪያዎችና መጤዎች ደግሞ ዕጣውም ምርጫውም አይመለከታቸውም።

«ኦርዌል አኒማል ፋርምን የጻፈው ሶሻሊዝምን ስለሚጠላ ነው።»

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል ራሱ ሶሻሊስት ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ ፋሺስቶችን ሲዋጋ ጉሮሮው ላይ ተመትቷል።

«ልብ ወለድ ፈጠራ ነው፤ ስለ ሥልጣን ምን ያስተምራል?»

በ1945 እ.ኤ.አ. ከወጣው፣ የእርሻ እንስሳት ጌታቸው ላይ ካመፁበት ከዚሁ ልብ ወለድ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻውን ነው፤ አሳማዎቹ በሁለት እግራቸው ሲሄዱ። ኦርዌል ግን ታሪኩ የሚታጠፈው ገና መጀመሪያው አካባቢ፣ ወተቱና ፖሙ ላይ እንደሆነ ተናግሯል። እንስሳቱ ባለ እርሻውን ጆንስን ያባርራሉ። ላሞቹ ይታለባሉ፤ አምስት ባልዲ ወተት ይሞላል። «ይሄ ሁሉ ወተት ምን ሊሆን ነው?» ይላል አንዱ። ዋናው አሳማ ባልዲዎቹ ፊት ይቆምና «ወተቱን ተዉት፣ አጨዳው ይቀድማል» ይላቸዋል። ማታ ሲመለሱ ወተቱ የለም።

በኋላ ምክንያቱ ይነገራቸዋል። አሳማዎች በጭንቅላት የሚሠሩ ናቸው፤ ወተቱን የሚጠጡት ለእናንተው ብለው ነው። እነሱ ከደከሙ ጆንስ ይመለሳል። ጆንስ እንዲመለስ የሚፈልግ አለ?

አንድም ትንፍሽ ያለ አልነበረም።