«ፈተናው ልክ ነው?» ለምን ጉዳይ?

የአይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ) ወይም የማስታወስ ችሎታ ፈተና ውጤት የደረሰው ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ፈተናው ልክ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው። ለምን ጉዳይ ልክ?

ብዙ ሰው አስተማማኝነትንና ተገቢነትን ያምታታል። አስተማማኝ ፈተና ደጋግመው ቢሰጡት ተቀራራቢ ውጤት ያወጣል፤ በቃ። ሁሌ ሁለት ኪሎ ጨምሮ የሚያሳይ ሚዛንም እኮ አይዋዥቅም። ተገቢነት ግን ከውጤቱ ተነስተን የምንሰጠው ድምዳሜ ማስረጃ አለው ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ያው ፈተና ለአንዱ ጥያቄ ተገቢ፣ ለሌላው ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሮችን ሰምቶ ወዲያው መድገምን እንውሰድ። የማስታወስ ፈተና ይመስላል፣ በአብዛኛው የሚለካው ግን ትኩረትን ነው። አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ የጀመረው ሰው ይህን አሳምሮ ሊሠራው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚወጣው ቀደም ብሎ የተነገረውን የቃላት ዝርዝር ከ20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቅ ነው። ያኔም ቢሆን ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሚወስደው መድኃኒት ወይም ፈተናው በሁለተኛ ቋንቋው መሰጠቱ ውጤቱን ወደ ታች ሊጎትተው ይችላል።

የአይኪው አማካይ 100፣ መደበኛ ልዩነቱ (ውጤቶች በተለምዶ ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን) 15 ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ከእኩዮች ጋር በማነጻጸር ስለሆነ፣ የማነጻጸሪያው ቡድን የሌላ አገር ወይም የድሮ ዘመን ከሆነ ስለ እናንተ የሚናገረው እምብዛም ነው። በ92 እና በ95 መካከል ያለው ልዩነትም ከስህተት ህዳግ አይወጣም። ሪፖርት ላይ ነጠላ ቁጥር በጉልህ ተጽፎ ሳይ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ውጤታችሁ ከስንት እስከ ስንት እንደሚገመትና ከማን ጋር እንደተነጻጸራችሁ ባለሙያውን ጠይቁት።